ስሙ ያልተጻፈበት ብልቃጥ

በእኛ ከተማ በመርሳ ሴት ልጅ ቶሎ ከከሳች ሁለት ነገር ይወራባታል። ወይ «ያ በሽታ ይዟት ነው» ይባላል፣ ወይ «ባሏ ሌላ ሊያገባባት ነው» ይባላል። እኔ ሁለቱም ተብሎብኛል። ሊገድለኝ የደረሰው ነገር ግን ሦስተኛ ነበር። እሱን ያወራው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ።

ዘይነባ እባላለሁ፤ የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብና ደረት ስለካ እውላለሁ፤ የራሴን ከለካሁ ግን ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ልጄን ሀያትን ከወለድኩ ወዲህ ሰውነቴ ጨመረ፣ ጨመረ፣ አላቆም አለ። የስፌት መኪናውን ስረግጥ ውዬ ማታ ስነሳ ጉልበቴ አልዘረጋ ይላል። ሱጁድ ወርጄ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ መነሳት ሲያቅተኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ። ያኔ አርባ ዓመት ገና መሙላቴ ነበር። መስጊድ ውስጥ ከአሮጊቶቹ ጋር በወንበር ተሰልፌ ስሰግድ አንጀቴ እርር ይላል።

ባለቤቴ አሊ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። «ለእኔ እንዲሁ ደህና ነሽ» ይለኝ ነበር። እሱ ደህና ነሽ ቢለኝም ጉልበቴ ግን አልሰማውም።

አዲስ አበባ ያለች እህቴ ናት ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ ስኳሬ ከፍ ማለት መጀመሩን፣ የደም ግፊቴም ልክ አለመሆኑን ነገረኝ። «ጉልበትሽን የሚያድነው ክብደት መቀነስ ነው» አለኝ። ስለ መርፌው የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሆድ ቶሎ እንዲጠግብ ያደርጋል፣ ምግብም ከጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሆድ ላይ ይወጋል። ከትንሹ መጠን ተጀምሮ በሐኪም እየታየ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። እስክርቢቶ የሚመስል ነገር ነው፤ ጫፉን ስታዞሪው የመጠኑ ቁጥር በመስኮቱ ይታያል፤ ቁጥሩን አይቶ መውጋት ብቻ ነው።

ዋሽቼ አልናገርም፣ ሠርቶልኛል። ትንሽ ያቅለሸልሸኛል እንጂ ሌላ ችግር አልነበረውም። እህቴ በአውቶቡስ ሹፌር ትልክልኛለች። ቤታችን ፍሪጅ ስለሌለ መርፌውን ከሱቄ አጠገብ ባለው ጭማቂ ቤት፣ ከማንጎውና ከአቮካዶው ጎን አስቀምጠው ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሮጬ እሄድና ቀዝቃዛነቱን በጉንጬ እሞክራለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ የራሴን ቀሚስ ከጎኑና ከጎኑ አጠበብኩት። ጉልበቴም ቀለል አለኝ። አንድ ጁምዓ ወንበሩን ትቼ መሬት ላይ ሰገድኩ፤ እዚያው ሱጁድ ላይ እያለሁ እንባዬ መጣ።

ወሬው የተጀመረው ያኔ ነው። «ማሻአላህ» የሚሉኝ አሉ፤ ከዞርኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር የሚሉ አሉ። ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ መዘጋት ጀመረ። አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ሌላ ሰሞን ይዘጋል። አውቶቡስ ደሴ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴም ውርጌሳ ደርሶ ይመለሳል። መርፌዬ አለቀ። እህቴም አዲስ አበባ ያሉ ፋርማሲዎች «የለም፣ ጠፍቷል» አሏት። ሳምንታት አለፉ። ረሃቤ እንደ ዝናብ ጎርፍ ተመልሶ መጣ፤ ቀሚሴ እንደገና ሲጠብበኝ ይታወቀኛል።

የታላቅ ወንድሜ ልጅ ሰሚራ ያን ጊዜ የኒካሗ ቀን ተቆርጦ ነበር። የሠርግ ልብሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ። ሰሚራ ወፍራም ልጅ አይደለችም፤ ነገር ግን ከስልኳ ላይ ያሳየችኝ ቀሚስ ለእሷ ሰውነት የተቀደደ አልነበረም። ልክ ልወስድላት ሜትሩን በወገቧ ሳዞር ትንፋሿን ትይዛለች።

«ኧረ ተንፍሺ፣ ልብሱ እንዳይጠብብሽ» እላታለሁ።

«አክስቴ፣ እኔም እንዳንቺ እከሳለሁ። ቁጥሩን አሁን አትጻፊው» ትለኛለች።

በቴሌግራም የምትሸጥ ሴት ያገኘችው ሰሚራ ናት። «ያው ያንቺ መርፌ ነው፤ ከዐረብ አገር የሚመጣ ነው፤ የሐኪም ወረቀት አይጠይቁም» አለችኝ። ሁለት አስመጣን፣ ለእኔ አንድ፣ ለእሷ አንድ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን በጥጥ ተጠቅልሎ መጣ። እስክርቢቶ አልነበረም። ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ላዩ ወርቅማ ክዳን አለው፣ ጎኑ ባዶ ነው። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ አገር የለው። ከእሱ ጋር የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት ቀጭን መርፌ ነበር።

ለሴትዮዋ የድምፅ መልእክት ላክሁላት፦ «እኔ ሐኪም ያዘዘልኝ መጠን አለ፤ ይሄኛው እንዴት ነው የሚለካው?»

መልሷ ወዲያው መጣ። ድምፅዋ የሚያባብል ነው። «ውዴ፣ መርፌው ላይ ሃያ የሚል አለልሽ አይደል? እስከዚያ ሳቢው፤ በቃ። ያው ነው ውዴ፣ ያው ነው።»

ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቄን ዘግቼ ወጋሁት። ሰሚራ እያየችኝ ነበር። መርፌ ስለምትፈራ የእሷን ለሌላ ቀን አቆየችው።

ሌሊቱን ሆዴ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ሲነጋ ማስመለስ ጀመርኩ። የበላሁት ወጣ፣ ከዚያ ቢጫ መራራ ውሃ ወጣ፣ ከዚያ የሚወጣ ነገር ሲያልቅም ሆዴ መገላበጡን አልተወም። ውሃ በማንኪያ ስቀምስ ማንኪያው ከአፌ ሳይለይ ይመለሳል። ቀና ስል ዓይኔ ይጨልምብኛል። አሊ ደግፎ በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ።

ክሊኒኩ ሰው ሞልቶት ነበር። በረጅሙ አግዳሚ ላይ ከሚያስሉ ሕፃናት መካከል ጋደም አልኩ። የመረመረኝ ጤና መኮንን ደህና ሰው ነው፤ ክፉ አልናገረውም። ስለ መርፌው ነገርኩት።

«ምን የሚሉት ነው?» አለኝ።

«የክብደት መርፌ።»

«እኛ ጋ መጥቶ አያውቅም። ምን ተጽፎበታል?»

«ምንም።»

ትንሽ አሰበና «ለጊዜው የደሙን ውጤት እንከተል» አለ። የደሙ ውጤት «ታይፎይድ» አለ። የመርሳ ሰው ደሙ ተመርምሮ ታይፎይድ ያልተባለ ካለ ልየው! መርፌ ወጉኝ፣ እንክብል ሰጡኝ፣ ቤቴ ገባሁ። ዘመድ ሁሉ «ታይፎይድ ነው» ሲባል ተረጋጋ። እኔም ተረጋጋሁ። ስም ያለው በሽታ ያጽናናል።

ሕመሙ ግን ያን ስም አልሰማም። ከእምብርቴ በላይ የጀመረ ውጋት እንደ ቀበቶ ዞሮ ጀርባዬን ያዘው። በጀርባዬ መተኛት አልቻልኩም። ትንሽ የሚሻለኝ ቁጭ ብዬ ወደ ፊት ትራስ ላይ ስደፋ ብቻ ነበር። አሊ ወደ ፋርማሲ ሄዶ ሲያማክር «ጨጓራዋ ነው፤ ለታይፎይድ የወሰደችው እንክብል አቁስሏት ነው» አሉትና ነጭ ፈሳሽ ይዞ መጣ። እሱንም አስመለስኩት።

የአሊ እናት፣ እማ ከድጃ፣ ከገጠር መጡ። ግንባሬን ዳሰሱኝ። ከዚያ «ዓይን ነው» አሉ። «አማረባት፣ ወጣት መሰለች እያሉ ሰው ሁሉ በዓይኑ በላት።» ቁርአን የተቀራበት ውሃ በእጃቸው አጠጡኝ። እንዲረጋልኝ የለመንኩትን ያህል በሕይወቴ አልለመንኩም፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ብዬ። ሆዴ ግን ያንንም መለሰው። እማ ከድጃ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

ልትጠይቀኝ የመጣች አንዲት ጎረቤት በበሩ አጠገብ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፦ «መድኃኒቱን ጀምራለች ይሆን?» የትኛውን መድኃኒት እንደምትል ገባኝ።  ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። ሞትን ስፈራ ቆይቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሞትኩ በኋላ ስለ እኔ የሚወራውን፣ ሀያት ያንን ሰምታ እንደምታድግ አስቤ ፈራሁ።

አሊ ከእናቱ ጋር ሲጨቃጨቅ በትዳራችን ያን ዕለት ነው የሰማሁት።

«እማዬ፣ ወልድያ ሆስፒታል እወስዳታለሁ።»

«መንገዱ ዝግ ነው ልጄ! ተኩስ አለ ይባላል። መንገድ ላይ ልትገድላት ነው?»

«እዚህስ ምን እየሆነች ነው? አያዩዋትም?»

እማ ከድጃ አዩኝ። ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ይጣበቅ ነበር፤ ሽንት ከሸናሁ ቆይቼ ነበር። «ውሰዳት» አሉ። «አላህ ይጠብቃችሁ፤ እኔ ሀያትን ይዤ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ተከፈተ ተባለና አንድ ሚኒባስ ተገኘ። አሊ ልብሴንና የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዞ ከጎኔ ተቀመጠ። ከመርሳ ወልድያ ሩቅ አይደለም፤ በደህናው ቀን ጨዋታ ሳያልቅ የሚደረስበት ነው። ያን ቀን ግን መኪናው ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሁሉም በመስኮት ያያል። እኔ ከፊት ያለውን ወንበር አቅፌ ተደፍቻለሁ። ሲሪንቃ ላይ ፍተሻ አለ፣ ሁሉም ይውረድ ተባለ። ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። ፈታሹ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም፤ ፊቱ ተለወጠ። «አትውረዱ፣ እለፉ፣ እለፉ!» አለ ሹፌሩን። ሌላው ቀርቶ መታወቂያ አልጠየቀንም። ለዚያ ልጅ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግለታለሁ፤ ነገር ግን ያኔ የተሰማኝ ምስጋና አልነበረም። ፈታሽ እንኳ የሚያዝንልኝ ምን መስዬ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ወልድያ ድንገተኛ ክፍል ያየችኝ ሐኪም አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ነበረች። ካርድ እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ ግሉኮስ አሰቀለችልኝ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣት አሳዪኝ።»

አሳየኋት።

«ወደ ጀርባሽ ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ስትደፊ ይሻልሻል?»

እንዴት እንዳወቀች ገርሞኝ ራሴን ነቀነቅሁ። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትለኝ የታይፎይዱን፣ የጨጓራውን፣ በመጨረሻም የክብደቱን መርፌ ነገርኳት። አሊ ፌስታሉን ከፍቶ ብልቃጡን ሰጣት። ወደ መብራቱ አንስታ ገለባበጠችው።

«መጠኑን ማን ነገረሽ?»

«ሻጯ። እስከ ሃያ ሳቢ ብላኝ።»

«ሃያ ማለት የፈሳሹ ልክ ነው እንጂ የመድኃኒቱ ልክ አይደለም» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንድ ሲኒ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳርም ይሟሟል፣ አምስት ማንኪያም ይሟሟል፤ ሲኒው ያው አንድ ሲኒ ነው። እዚህ ውስጥ ስንት ማንኪያ እንዳለ አናውቅም። ስኳር ይሁን ጨውም አናውቅም።»

ደም ተወሰደ፣ ሆዴ በአልትራሳውንድ ታየ። ተመልሳ ስትመጣ «ቆሽትሽ ተቆጥቷል» አለችኝ። ቆሽት ከጨጓራ ኋላ ያለ፣ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕቃ ነው፤ ሲቆጣ ያው ፈሳሽ ራሱን መብላት ይጀምራል። ዕድሜዬን ሙሉ «ቆሽቴን አታሳርሩኝ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ቆሽት የሚባል ነገር በእውነት ሊያርር እንደሚችል ያን ዕለት አወቅሁ። «ይህ መርፌ በሐኪም እጅ ሲሆን ብዙ ሰው ይረዳል» አለች። «አልፎ አልፎ ግን ቆሽትን ያስቆጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ሰውነትን እንዲህ ያደርቃል።»

«እድናለሁ?» አልኳት።

«ብዙ ሰው ይድናል። እንዳይብስብሽ በቅርብ እንከታተልሻለን። በአፍሽ ምንም አይገባም፣ ውሃም ቢሆን።»

«ብዙ ሰው» የሚለውን ሰማሁ፤ «ሁሉም» አላለችም። ስለዚያ ሳስብ ነበር ሌላው ነገር እንደ መብረቅ የመጣብኝ።

«አሊ! ሰሚራ!»

«ሰሚራ ምን ሆነች?»

«ብልቃጥ አላት! ያው ነው! አብረን ነው ያስመጣነው!»

የአሊ ፊት አመድ መሰለ። ሁሉም ሰው ታይፎይድ ነው ብሎ ያምናል፤ ሰሚራም ታይፎይድ ነው ብላ ታምናለች። መርፌውን የምትፈራበት አንድም ምክንያት የላትም። ሠርጓ ደግሞ ደርሷል። አሊ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ማግኘት አይቻልም ይላል። ለወንድሜ ደወለ፣ ለእናቱ ደወለ፣ ለጭማቂ ቤቱ ደወለ። የመርሳ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ያቺ የስልኳ ሴት በማይለወጥ ድምፅዋ ማግኘት አይቻልም፣ ማግኘት አይቻልም ትላለች።

«እሄዳለሁ» አለኝ።

«መንገዱስ?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ።» ግንባሬን ሳመኝና ወጣ። ከበሩ ሲደርስ ተመልሶ አየኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነው፤ እሱ ሲመለስ እኔ ላልኖር እችላለሁ፣ ወይም እኔ ስድን እሱ ላይመለስ ይችላል።

የዚያን ቀን ከሰዓትና ሌሊቱን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ውጋቱ በማስታገሻው ደብዘዝ ሲል ፍርሃቱ ይነቃል፤ ፍርሃቱ ሲደክም ውጋቱ ይነቃል። ሰሚራን ባደገችበት መልክ ሁሉ አየኋት። ስትወለድ ያቀፍኳት እኔ ነኝ። ሱቄ ወለል ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ለአሻንጉሊቷ ስትሰፋ ነው ያደገችው። አሁን ያንን ቀጭን መርፌ ወደ ሆዷ ስታስጠጋ ትታየኛለች። «አትወጊው!» እያልኩ ስጮህ ነርሷ መጥታ ያዘችኝ።

ከጎኔ አልጋ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ የቆቦ ነጋዴ ነበሩ። ከትግራይ ከመጣ ቤተሰብ የተወለዱ፣ አማርኛቸው የራሱ ዜማ ያለው ሴት ናቸው። ጥጥ በውሃ እየነከሩ የደረቀ ከንፈሬን ያረጥቡልኝ ነበር፤ መጠጣት ስለተከለከልኩ ያቺ እርጥበት ማር ሆና ትሰማኛለች።

«አብሽሪ በሉኝ እትዬ» አልኳቸው። እኛ ሰው ስናጽናና የምንለው ቃል ነው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ አላህሽን ጥሪ፣ እኔ ማርያምን እጠራለሁ። አንዳቸው ሳይሰሙን አይቀሩም።» ከዚያ በአንድ እጃቸው የባላቸውን እጅ፣ በሌላው የእኔን ይዘው ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ሸካራ ነበሩ። እንቅልፍ ወስዷቸው እንኳ አለቀቁኝም።

በማግስቱ ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ስትዞር አሊ በበሩ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። በስተኋላው ወንድሜ ሰሚራን አቅፎ ገባ። ራሷ ትከሻው ላይ ወድቆ፣ ዓይኗ ጨፈን ብሎ ነበር።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። እትዬ ለተብርሃን ናቸው አፌን በእጃቸው የያዙኝ። ሐኪሟ እየሮጠች መጣች። ሰሚራ ዓይኗን ከፈተችና አየችኝ።

«አክስቴ» አለች፣ «ግማሹ ፈሰሰብኝ።»

የሆነው እንዲህ ነው። አሊ እስከ ሲሪንቃ በጭነት መኪና ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ መኪና ስላልነበረ በእግሩ ገሰገሰ። መርሳ ሲደርስ መሽቷል። ሰሚራ ያን ዕለት ረፋድ ላይ ብቻዋን ክፍሏን ዘግታ መርፌውን ሞልታ ነበር። እጇ እየተንቀጠቀጠ ጫፉን በደንብ ሳታስገባ ገፋችው፤ ግማሹ በሆዷ ላይ ወረደ፣ ግማሹ ገባ። አሊ ሲደርስ ማስመለስ ጀምራለች፤ ቤተሰቧም «ታይፎይዱ ተላለፈባት» ብሎ በማግስቱ ለታይፎይድ ሊያስወጋት ተዘጋጅቷል። አሊ በሩን እየደበደበ «ታይፎይድ አይደለም!» ሲል የሰፈር ሰው ሁሉ ተነሳ። ሲነጋ የአንድ ጎረቤት ባጃጅ ይዘው መጡ።

የሰሚራ ቆሽት አልተነካም። ግሉኮስ ተሰጥቷት በጥቂት ቀን ቀና አለች። እኔ ግን ቆየሁ። አንድ ቀን ትኩሳቴ ጨመረ፤ ሐኪሞቹ ከአልጋዬ ራቅ ብለው ቆመው በዝግታ ተነጋገሩ። «ደሴ እንላካት» የሚል ቃል ሰማሁ፤ መንገዱን አስቤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትኩሳቱ በሌላው ቀን ወረደ። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ይዛ መጣች። «እስኪ አፍሽን አርጥቢበት፣ ከዚያ ዋጪ» አለችኝ። ዋጥኩት። ሁላችንም ሆዴን እያየን ጠበቅን። ሰሚራ፣ አሊ፣ እትዬ ለተብርሃን፣ ነርሷ፣ ሁላችንም። ውሃው አልተመለሰም። አሊ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ሲያለቅስ እንዳላየው።

ሰሚራ ከአልጋዬ ሥር ሆና ለሻጯ መልእክት ላከች፦ «ሰው ልትገድሉ ነበር።» መልስ አልመጣም። ወዲያው የሴትዮዋ ስምና ፎቶ ከስልኩ ጠፋ። ሌላ ስም አውጥታ ዛሬም ትሸጥ ይሆናል።

ቤቴ ስመለስ የሰፈር ሰው እየመጣ ጠየቀኝ። እማ ከድጃ ሊጠይቅ ለመጣ ሁሉ፣ ሳይጠየቁ፣ «ቆሽት ነው፤ የመርፌ መዘዝ ነው» ይሉ ነበር። ያቺ በበሩ ያንሾካሾከችው ጎረቤትም መጥታ ሾርባ አስቀምጣልኝ ሄደች። ቅባት እንደተከለከልኩ ሰምታ ዘይት አልጨመረችበትም። የሰሚራ ሠርግ ወደ ሌላ ወር ተዛወረ፤ ልብሷንም፣ እየተነፈሰች ለክቻት፣ በራሷ ልክ ሰፋሁላት።

ፍርሃቱ ግን ከሆስፒታል አብሮኝ ወጥቷል። ሆዴ ትንሽ ከተኮማተረ ላብ ያጠምቀኛል። ምግብ ስጎርስ ይወርድ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። ክብደቴም ቀስ እያለ መመለስ ጀምሯል፤ የጉልበቴ ሕመምም እንዲሁ። ሐኪሟ ያን መርፌ ዳግመኛ እንዳልነካው ነግራኛለች፤ ለሌላ ሰው መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ ግን በቃ። ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እንጀራዬን ቀንሻለሁ፤ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይወርድም። ጉዳዩ ቀላል ነው ብዬ ለማንም አልዋሽም።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ለቀጠሮ ወልድያ ስሄድ የሆነው ነው። ተራ እየጠበቅሁ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ያኔ ገና ከሕመሙ አላገገምኩም፤ አንገቴ ቀጥኗል፣ ቀለበቴ እንዳይወልቅ በክር ታስሯል። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ሴት ደጋግማ ታየኛለች። መልኳ ደስ የሚል፣ ቆንጆ ልጅ ናት። በመጨረሻ ተጠጋችኝ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዴት እንዲህ ቀጠኑ? ምን ወስደው ነው?»

ታምሜ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ እንደያዘች፣ ከንፈሯም እንደ ደረቀ አየሁ።

«አንቺስ ምን ሆነሽ መጣሽ?» አልኳት።

«እኔማ ምንም አልሆንኩ፤ ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ያስመልሰኛል። ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም ጀምሬያለሁ እኮ። ከትናንት ወዲያ ነው የመጀመሪያውን የወጋሁት።»

«እስክርቢቶ የሚመስለውን?»

«አይ፣ ብልቃጥ ነው።»

ተነሳሁ። እጇን ያዝኩና አስነሳኋት። «ወዴት ነው? ተራዬ ገና ነው!» አለችኝ። የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ አንድ ሽማግሌ «እኛም ታመን ነው የመጣነው!» አሉ። የሐኪሟን በር ሳላንኳኳ ገፍቼ ልጅቷን ከፊቴ አስገባኋት።